ምሕረቱ ከክሱ በፊት፣ ሙግቱ ከክፍያው በኋላ

ወረታ ላይ ጭነት መኪና አቁሞ መጫን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው፣ ሰዉ የቻይና መንገድ የሚለው መስመርም መነሻው እዚሁ ነው። በዚያ ላይ ሩዙ አለ። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከግጦሽና ከጓያ ማሳነት ተነሥቶ የአገሪቱ ዋና የሩዝ መሬት ሆኗል፤ መፈልፈያዎቹም ገዥና መኪና ወደሚገኝበት ወደ መንገዱ ተጠግተው ተተክለዋል። በበጋ የመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም ይጨመርበታል። የወረታ ደረቅ ወደብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተሳቢውም መጥቷል። ባጃጁና ጋሪው በዚህ ሁሉ መካከል ነው የሚሽሎከሎከው።

ይህ ሁሉ የሚቆምበት ቦታ ግን ከጭነቱ ጋር እኩል አልሰፋም። ስለዚህ ሹፌሩ ባገኘው ጠርዝ ይቆማል፣ ትራፊኩ ይመጣል፣ ክስ ይጻፋል። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ክሱ ከተጻፈ በኋላ «አላጠፋሁም» ወይም «አጥፍቻለሁ፣ ግን ምክንያት ነበረኝ» የሚል ሰው ወዴት ይሄዳል?

የተለመደውን አካሄድ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ብዕሩ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የልመና ደቂቃዎች ናቸው። «በእናትህ ወንድሜ፣ አሁን ልነሣ ነው»፣ «ጋሼ፣ የዛሬን ይለፉኝ፣ ረዳቱ ዕቃ ሊያወርድ ነው የገባው»። ትራፊኩ ደግ ቀን ከሆነለት ያልፋል፤ ካልሆነለት ይጽፋል። አንዳንዴ ደግሞ ደግነቱ ዋጋ ይወጣለታል፤ እሱን ዘርዝሮ መጻፍ አያስፈልግም። ክሱ አንዴ ከተጻፈ ግን ነገሩ ሁሉ ይደርቃል። መንጃ ፈቃዱ ይያዛል፣ አንዳንዴም ታርጋው ይፈታል። ሹፌሩ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል፣ ፈቃዱን ይወስዳል፣ ይሄዳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ምን ትላለህ?» ብሎ በወንበር ተቀምጦ የጠየቀው ሰው የለም።

እኛ ዘንድ ርኅራኄ የለም የሚለውን ሮሮ አልቀበልም። ርኅራኄ ሞልቷል፤ ችግሩ ያለበት ሰዓትና ቦታ ነው። ሁሉም ከክሱ በፊት ያልቃል፤ በቃል ያልቃል፤ ያለ ምስክርና ያለ መዝገብ ያልቃል። ለማን እንደተደረገ፣ ለማን እንደተነፈገ፣ ለምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አይተውም። ስለዚህ ዘመድ ያለው፣ አፉ የሚጣፍጥለት፣ የከተማው ልጅ የሆነው ያገኘዋል። ከመተማ ወይም ከወልድያ ጭኖ የመጣው፣ ወረታን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሹፌር አያገኘውም። ሙግቱ ደግሞ ሁሉ ነገር ካለቀ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ስለሚመጣ ሙግት መሆኑ ቀርቶ ብሶት ይሆናል፤ ምሳ ቤት ይወራል፣ መናኸሪያ ላይ ይወራል፣ እዚያው ይቀራል።

ሕጉ ምን ይላል? የትራፊክ ቅጣቱ ማዕቀፍ የሚወጣው ከፌዴራል ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በ395/2009 ተሻሻለ፤ በቅርቡም ደንብ ቁጥር 557/2016 መጥቶ ቅጣቱን ከፍ አድርጎታል። መቀጮው የሻይ ዋጋ በነበረበት ዘመን አቤት ማለት እንደ ጊዜ ማባከን ቢታይ አያስገርምም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱ ለደንብ መተላለፍ ያስቀመጠው መደበኛ የመቀጮ ጣሪያ 300 ብር እንደነበረ ማስታወስ ይበቃል። ዛሬ ግን አንድ ክስ የአንድ ባጃጅ ነጂን የቀን ገቢ ሊወስድ፣ የጭነት ሹፌርን አበል ሊያስረሳ ይችላል። ቅጣት ሲያድግ የመከራከሪያው በር አብሮ መስፋት ነበረበት። ያደገው ቅጣቱ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ዝም አላለም፣ ግን የሚናገርበት መንገድ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 የይግባኝ መብት ይሰጣል፤ ይሁንና ይግባኙ ጉዳዩን በመጀመሪያ ባየው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ፍርድ ላይ ነው። መንገድ ዳር የተጻፈ ክስ ፍርድ ቤት ያላየው ነገር ነው። ስለዚህ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ የለውም፤ ሹፌሩ የሚመላለሰው ገና ያልተፈረደበትን ፍርድ ለማስቀልበስ ነው። ለእሱ የሚቀርበው አንቀጽ 37 ነው። ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከቁጥር 167 እስከ 170 ድረስ ለደንብ መተላለፍ ክሶች ቀለል ያለ ሥርዓት ዘርግቷል፤ ሥርዓቱ ቀላል ይሁን እንጂ ማዕከሉ ፍርድ ቤት ነው፣ መጥሪያ አለ፣ ተከሳሹ ቃሉን የሚሰጥበት ዕድል አለ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ያ ሕግ ለትንሽ ክስ ትንሽ ችሎት አስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ችሎቱ በአሠራር እየጠፋ ክሱ ብቻውን ቀረ።

ለምን ጠፋ? ፍርድ ቤቶቻችን በሥራ ስለተጨናነቁ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት በሹፌሩ ኪስ ያለው መንጃ ፈቃድ ነው፣ ወይም በኪሱ አለመኖሩ። ፈቃዱ ለተያዘበት ሹፌር እያንዳንዷ የክርክር ቀን የጠፋች የሥራ ቀን ናት። ወረታ ላይ ጆንያ ጭኖ ገዥ አዲስ አበባ የሚጠብቀው ሰው ፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ተቀብሎ ሊያድር አይችልም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደብረ ታቦር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ሂሳቡን ሲሠራው መክፈል ይረክሳል። ጥፋተኛም ቢሆን ባይሆንም ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን መያዣ ተብሎ የሚወሰደው ወረቀት ቅጣቱን ከማስከበር አልፎ ክርክሩን ያስቀራል። ከተማዋም ሆነች ፖሊሱ ይህን አስበው አድርገውታል አልልም። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ የመከራከር መብት በወረቀት ላይ እያለ የሚጠቀምበት አይገኝም፤ ከዚያም «ማንም አልተቃወመም፣ እንግዲህ ቅጣቱ ትክክል ነው» ይባላል።

አሁን ወደ ርኅራኄው ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ምጥ የያዛትን ሴት በባጃጅ ጭኖ ጤና ተቋም በር ላይ መቆም በተከለከለበት ቦታ የቆመ ነጂ ሲከሰስ «ምሕረት ይደረግልኝ» ይላል። እኔ ግን ይህ ሰው ምሕረት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75 የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከቀረበና ከባድ አደጋ ለማዳን፣ ሌላ መውጫ በሌለበትና በተመጣጠነ መንገድ የተደረገ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይናገራል። ያ ነጂ የሚለምነው የሌላ ሰው ቸርነት ሳይሆን የራሱ የሕግ መከላከያ ነው። ልመና ማድረጉ ደግሞ ይጎዳዋል፤ ለማኝ ሲፈቀድለት ያመሰግናል፣ ሲከለከል ዝም ይላል። መብት ያለው ሰው ግን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መንገድ ዳር ያለው ርኅራኄ ትልቁ ጉዳቱ ይኸው ነው፦ መብትን ወደ ውለታ ይለውጣል።

እውነተኛው የርኅራኄ ጉዳይ ሌላ ነው። ሕጉ መከላከያ ያልሰጠው፣ ጥፋቱም የማይካድ፣ ግን ቅጣቱን በሙሉ ማስከፈል የሚከብድበት ሁኔታ ነው። አባቱ መሞቱን ስልክ ላይ ሰምቶ መኪናውን እንደነገሩ አቁሞ የሄደ ሰው አለ። ናፍጣ ሲጠፋ ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ፣ ተራውን ላለማጣት ቆሞ ያደረ ሹፌር አለ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ፣ ፊቱ ያለውን ኮረብታማ ጥግ አይቶ ጭነቱን ለማዳን የተጠጋ አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ታውጆ በአማራ ክልል የሰዓት እላፊ በተጣለበት ወቅት፣ ሰዓቱ የደረሰበት ሹፌር መቆም የሌለበት ቦታ ቢቆም ምርጫው ምን ነበር? እነዚህን «በሕጉ መሠረት» ብቻ የሚያይ ሰው አለ፣ «በእግዜር» ብቻ የሚያይም አለ። ሁለቱም አይበቁም። አንድ ሰው ማስረጃውን አይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ ቅጣቱን ሊያነሣ ወይም ሊቀንስ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

ይህን ስል ለአገሩ ባዕድ ነገር የማስገባ የሚመስለው ካለ ታሪኩን ያስታውስ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የዙፋን ችሎት የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ችሎት በሕግ የተሸነፈ ሰው እንደገና የሚሰማበት ቦታ ነበር፤ ሕጉ ሲጎረብጥ ርትዕን ፍለጋ ይኬድበት ነበር። ከዚያም በታች አቤቱታ የያዘ ሰው የንጉሡን መኪና መንገድ ላይ ጠብቆ ወረቀቱን ያቀርብ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ያስታውሱታል። የዛሬው መንገድ ዳር ልመና የዚያ ልማድ ሩቅ ዘር ነው ብዬ ባስብ ብዙ አልሳሳትም። ልዩነቱ የዙፋን ችሎቱ ጸሐፊ ነበረው፣ መዝገብ ነበረው፣ ውሳኔው ይነበብ ነበር። እኛ ልመናውን ወርሰን ጸሐፊውን ጣልነው።

ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ሌላ ዓለም ያያሉ፣ ሌላው ዓለም ሁሌ የተሻለ ነው ባልልም። ዋሽንግተን ዲሲን እንውሰድ። በከተማዋ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች የሚሠሩት፣ ታክሲ የሚነዱት ኢትዮጵያውያን ብዛት ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ የቅጣት ቲኬቱንም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ ትናንሽ የትራፊክ ጥፋቶችን ከወንጀል ፍርድ ቤት አውጥታ ለአስተዳደራዊ ሰሚዎች ሰጠች። ቲኬት የደረሰው ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ ይከፍላል ወይም ይቃወማል፤ ዝም ካለ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። መቃወሚያውን በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ማቅረብ ይቻላል። የሚቀበሉት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፦ ምልክቱ ወድቆ ወይም ጠፍቶ ነበር፣ መኪናው ተሰርቆ ነበር፣ መኪናው ተበላሽቶ ነበር፣ በቲኬቱ የተጻፈው ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። የተሸነፈ ሰው የሚሄድበት የይግባኝ ቦርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ደግሞ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሊያገለግሉባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። አማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ ቅጣቱን የሚቃወምበት አገር ዋሽንግተን መሆኑን ሳስብ ትንሽ ያስቀኛል።

ለንደን ሌላ ትምህርት አላት፤ ለርዕሳችንም ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የማቆሚያ ቅጣትን ከፖሊስ እጅ አውጥቶ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጠ። ወዲያው አንድ ጥያቄ መጣ፦ ቀጪውም ገንዘብ ሰብሳቢውም ምክር ቤቱ ከሆነ ማን ይዳኘዋል? መልሱ ከምክር ቤቱ ነጻ የሆነ ዳኛ ነበር፣ አቤት ባዩም ለመቅረብ ምንም አይከፍልም። አካሄዱ ደረጃ አለው። ቲኬቱ እንደተሰጠ መጻፍ ይቻላል፤ በ14 ቀን ውስጥ የሚከፍል ግማሹን ብቻ ይከፍላል። ያልከፈለ ባለ መኪና መደበኛ ማስታወቂያ ሲደርሰው መደበኛ መቃወሚያ ያቀርባል። ምክር ቤቱ በ56 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ተቃዋሚው እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ይህ አንቀጽ ብቻውን ብዙ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ዝምታ ለመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለዜጋው የሚቆጠርበት ሥርዓት እኛ ዘንድ ስንት ቦታ አለ?

ይልቅ የሚገርመው ርኅራኄን ያስቀመጡበት ቦታ ነው። ነጻው ዳኛ ሕጉ ተጥሷል ካለ በሐዘኔታ ብቻ ቲኬቱን መሰረዝ አይችልም። ግን ከባድ ምክንያት ካየ ጉዳዩን ወደ ምክር ቤቱ መልሶ «እንደገና እይልኝ» ብሎ መምከር ይችላል፤ ምክር ቤቱም በ35 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ቅጣቱ እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ምክር ቤቱ ደግሞ ሆስፒታልም ሆነ ሐዘን የሚያነሣ ደብዳቤ ሲመጣለት «እኛ ምክንያት አናይም» ብሎ በሩን መዝጋት አይፈቀድለትም፤ ሥልጣኑ ማገናዘብን ይጨምራል። እንግሊዞቹ ሕግንና ምሕረትን በሁለት ወንበር አስቀምጠዋቸዋል፤ የሁለቱንም መልስ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ድክመቱም አለ። ግማሽ ዋጋ የመክፈል ዕድሉ ብዙ ንጹሕ ሰው ሳይሟገት እንዲከፍል ይገፋፋዋል፤ ይህ ፈቃድ ከመያዝ ይለሳል እንጂ ውጤቱ ሲታይ ወንድሙ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ የ2012ቱ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ብዙ ተስፋ ያስጨበጠ ሕግ ነው። የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱ ይገለጽ፣ ውሳኔው የሚነካው ሰው ይሰማ፣ ወሳኙ ጥቅም ያለው አይሁን ይላል። ተቋሙ የራሱን ቅሬታ ሰሚ ያቁም፣ ያልረካው ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሂድ ይላል። ያልተመዘገበና ለሕዝብ ይፋ ያልሆነ መመሪያ ዜጋ ላይ ሊጫን እንደማይገባ ማስቀመጡም ትልቅ ነገር ነው። ግን አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። የወረታ ከተማ አስተዳደር ከዚህ ወሰን ውጭ ነው። አንድ ሹፌር በአንድ ቀን አዲስ አበባ ላይና ወረታ ላይ በአንድ ዓይነት ጥፋት ቢቀጣ፣ አንዱ ቅጣት ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ የሚልበት አዋጅ አለው፤ ለሌላው በዚያ አዋጅ መደገፍ አይችልም። ደንቡ ፌዴራል ሆኖ፣ ቅጣቱ በመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ፣ መከላከያው በከተማ የሚለያይበት ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ክፍያው ወደ ስልክ እየሄደ ነው፤ የትራፊክ ቅጣትን በቴሌብር መክፈል ከተጀመረ ቆይቷል። ነገሩ ወደ ክልል ከተሞችም መምጣቱ አይቀርም። ዲጂታል ሲሆን ጉቦ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ስለማይሄድ። ሌላ ነገርም ይቀንሳል፤ መንገድ ዳር የነበረችው ያቺ ትንሽ ምሕረት ትጠፋለች። ማሽን «በእናትህ» አይሰማም። እስከ ዛሬ ሥርዓቱ በመጠኑም ቢሆን ሰው ሆኖ የቆየው በዚያች ክፍተት ነበር። ክፍተቷን ዘግተን ሌላ በር ካልከፈትን የሚመጣው ከአሁኑ የከፋ ነው።

በሥነ ሥርዓት በኩል የሚነሡት ምክንያቶች ወረታ ላይ ምን እንደሚመስሉ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ብዙዎቹ ሌላ አገር የማይታሰቡ ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት ነው። መቆም የተከለከለ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ወይም ቀለም እዚያ ቦታ ነበረ ወይ? ሹፌሩ በአየር ላይ ያለን ክልከላ እንዲያነብ አይጠበቅበትም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ «3፡00» ተብሎ ቢጻፍ የጠዋት ነው የማታ? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? ከቀን ጭነት ሰዓት ጋር የተያያዘ ክልከላ ሲሆን ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም፤ ቀኑም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ መለየት አለበት። ሦስተኛው ታርጋው ነው፤ ቁጥሩ የተሳሳተበት ክስ የሌላ ሰው ክስ ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። በአገራችን መኪና በውክልና ይሸጣል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሸጠው ሰው ነው፤ ገዥው ከሁለትና ከሦስት እጅ በኋላ ያለ ሌላ ሰው ነው፤ የሚነዳው ደግሞ ሹፌር ነው፤ በቆመበት ሰዓት አጠገቡ የነበረው ረዳቱ ነው። ፖሊስ አጠገቡ ያለውን ሲከስ ይህ ግርግር አይታይም። ማቆሚያ ቅጣት በታርጋ ብቻ፣ ባለ መኪናው በሌለበት፣ በሥርዓት መላክ ሲጀመር ግን የእንግሊዙ ዘዴ እንዳለ ከተገለበጠ ቅጣቱ መኪናውን ከስድስት ዓመት በፊት በሸጠው የጎንደር ሰው ላይ ይወርዳል። የማን ጥፋት ነው የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ካልተመለሰ ሥርዓቱ ራሱ በየቀኑ ሐሰተኛ ክስ ያመርታል።

ለዚህ ሁሉ አሁን ባለው መንገድ ምን ማድረግ ይቻላል? የክልል መሥሪያ ቤቶች ቅሬታ ሰሚ አላቸው። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፣ የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ነው። ሽማግሌ መላክ አለ፣ እሱም ያው የቃል ምሕረት ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት አለ፣ ለሄደበት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ደጃዝማችነቱ ቀርቶ መንጃ ፈቃዱም ላይመለስ ስለሚችል የሚናገር መጥፋቱን አልፈርድበትም።

አቤቱታውን የሚጽፍ ሰውም አንድ ነገር ልብ ቢል ደግ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከልጅነት እስከ ዕውቀት ያለውን ችግር ሁሉ ያሰፍራሉ፦ የቤተሰብ ብዛት፣ የኑሮ ውድነት፣ የአገር አገልግሎት። ይህ አንባቢውን ያደክማል፤ ያለውንም ጠንካራ ምክንያት ይቀብረዋል። ሥነ ሥርዓታዊ ምክንያት ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይጻፍ፣ ብቻውን፣ በአጭሩ። ርኅራኄ የሚጠይቅ ሰው የሆነበትን ያሳይ፦ የሕክምና ካርድ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ ማደያው ላይ አብሮት የነበረ ሰው ስምና ቃል። ሁለቱን አዋህዶ «አላጠፋሁም፣ ካጠፋሁም ማሩኝ» ማለት ሁለቱንም ያዳክማል። ሁለቱም ምክንያት ያለው ሰው በሁለት አንቀጽ ለይቶ ይጻፋቸው።

የከተማው አስተዳደርና ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቁ ሊያደርጉ የሚችሉት አለ። ከሁሉ በፊት ለማቆሚያ ጥፋት መንጃ ፈቃድ መያዝ ይቁም። ለፍጥነትና ለመጠጥ ይያዝ፣ አደጋ ስላለው፤ ቆሞ ለተገኘ መኪና ግን ታርጋውን መመዝገብ ይበቃል። የክሱ ወረቀት ጀርባ ላይ በአማርኛ፣ በግልጽ፣ የትኛው የደንቡ አንቀጽ እንደተጣሰ፣ በስንት ቀን ውስጥ መቃወም እንደሚቻል፣ ለማን እንደሚጻፍ ይታተም። ተቃውሞውን የሚያየው ሰው ክሱን ከጻፈው ሰው ሌላ ይሁን፤ ከገቢ ሰብሳቢው ክፍልም ሌላ ይሁን። መልሱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ በተቀመጠው ቀን ካልተሰጠ ቅጣቱ ይነሣ። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ተቃውሞ እንደሚበዛ አውቃለሁ። የቢሮ ሰው «ስብሰባ ላይ ስለነበርን የመንግሥት ገንዘብ ይቅር?» ይላል። አዎ፣ ይቅር፤ ሹፌሩም ሐኪም ቤት ስለነበር ነው የቆመው፣ ለእሱ አልቀረለትም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በር ከተከፈተ ሁሉም ሹፌር ታማሚ ጭኖ ነበር ማለት ይጀምራል የሚል ነው። ይጀምራል፣ ለንደንም ላይ ይላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ማስረጃ መጠየቅ ነው፣ ማስረጃውንም ማጣራት። የጤና ተቋም ካርድ ቀንና ሰዓት አለው። በየወሩ ስንት ተቃውሞ መጣ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንቱ ለምን ወደቀ የሚለውን ለጥፎ ማሳየት ደግሞ ከውሸታሙ በላይ ሥርዓቱን ይገራዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቃውሞ ከበዛና አብዛኛው ተቀባይነት ካገኘ፣ እዚያ ቦታ የጎደለው የሹፌሮች ሥነ ምግባር ሳይሆን ሰሌዳ ነው፣ ወይም የጭነት ማውረጃ ቦታ ነው። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ዙሪያ ከዚህ ዓይነት ቦታ አንዱ ቢሆን አይደንቀኝም። በመኸር ወራት ጆንያ ሊጭን የመጣ መኪና የሚገባበት በር ሳይኖረው መንገድ ላይ ቆመ ተብሎ ሹፌሩን መቅጣት ይቻላል፤ መፈልፈያውን ፈቃድ ሰጥቶ የጭነት ቦታ ያልጠየቀው ክፍልስ? የተቃውሞዎቹ መዝገብ ቢኖር ይህ ጥያቄ በሹፌሩ ብሶት ሳይሆን በከተማው በራሱ ወረቀት ወደ ከንቲባው ጠረጴዛ ይደርስ ነበር።